ሁለት የታይሮይድ ውጤት፤ አንዱ "ቀዝቅዟል" ሌላው "ፈጥኗል" ይላል። የትኛው ይታመን?

ብርቱካን12፦

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ላብራቶሪም ፋርማሲም የምትሠሩ ስላላችሁ ነው የምጠይቀው። ሴትዮዋ 34 ዓመቷ ነው። እርጉዝ አይደለችም፤ የእንቅርት መድኃኒት ወስዳ አታውቅም፤ አንገቷ ላይም የሚታይ እብጠት የለም። ድካምና የፀጉር መነቃቀል አለባት፣ ምርመራው የታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት፦ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን፤ ታይሮይድ ሲቀዘቅዝ ይወጣል፣ ሲፈጥን ይወርዳል) 6.3 (ኖርማል ሬንጅ 0.4–4.2)፣ ፍሪ ቲ4 (በደም ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚዞረው የታይሮይድ ሆርሞን) 14.2 (12–22)።

ሁለተኛው ወረቀት፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሌላ ላብራቶሪ፦ ቲኤስኤች 0.31 (0.4–4.0)፣ ፍሪ ቲ4 1.9 (0.8–1.8)።

በመጀመሪያው "ታይሮይዱ ቀዝቅዟል" ተባለ፣ በሁለተኛው "ፈጥኗል"። የፈጠነ ታይሮይድን የሚያቀዘቅዘው ፕሮፒልታዮዩራሲል ይጀመር የሚል ሐሳብም መጥቷል። ጥያቄዬ ሦስት ነው። የትኛው ወረቀት ይታመን? ለዚህ ምርመራ ባዶ ሆድ መሆን ግዴታ ነው ወይ? ሦስተኛ ምርመራ ከሆነስ "ሙሉ የሆርሞን ፓኬጅ" የሚባለውን ብታሠራ ይሻላል?

ቀይ ክዳን፦

ፓኬጁን ለጊዜው ተዪው፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን ወረቀት በአንድ ቋንቋ እናናግራቸው። 14.2 የተለካው በፒኮሞል በሊትር ነው፣ 1.9 ደግሞ በናኖግራም በዴሲሊትር። ናኖግራሙን በ12.87 ብታበዢው ፒኮሞል ይሆንልሻል፤ 1.9 ማለት 24.5 ገደማ ነው። ስለዚህ ከ14 ወደ 24 ወጥቷል እንጂ ከ14 ወደ 2 አልወረደም። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ "ኧረ በጣም ወርዷል" የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው ይህን የምለው። ቲኤስኤች ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ማይክሮ ዩኒት በሚሊሊትር ተብሎ ቢጻፍም ሚሊ ዩኒት በሊትር ቢባልም ቁጥሩ ያው ነው።

ባዶ ሆድ ግዴታ አይደለም። ሰዓት ግን ለውጥ ያመጣል። ቲኤስኤች ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርስና ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል፤ ከቁርስ በኋላም ትንሽ ይቀንሳል። ጠዋት 4.8 የነበረ ሰው ከሰዓት 3.7 ቢያገኝ ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ድንበሩ ላይ ያለን ሰው አንድ ቀን ታማሚ ሌላ ቀን ጤነኛ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ለማወዳደር የሚሰጥ ደም ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሰጥ፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፤ ላብራቶሪውም አንድ ይሁን።

ነገር ግን ከ6.3 ወደ 0.31 ሰዓትም ላብራቶሪ መቀየርም አያወርድም። ሃያ እጥፍ ነው። ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት እነዚህን ንገሪን፦ የመጀመሪያው ደም ሲቀዳ ሴትዮዋ ሌላ ሕመም ነበረባት ወይ? በዚያን ሰሞንና አሁን የምትውጠው ነገር ሁሉ ምንድን ነው፣ "መድኃኒት አይደለም" የሚባለውም ጭምር? ሁለተኛው ደም ስንት ሰዓት ተቀዳ?

ብርቱካን12፦

የመጀመሪያው የተቀዳው በሳንባ ምች ተኝታ ከወጣች በ12ኛው ቀን ነው። አሁን የምትወስደው መድኃኒት የለም። ከአሜሪካ የተላከላት የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን ብቻ አለ፤ ጠርሙሱ ላይ ባዮቲን 10,000 ኤምሲጂ ይላል፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ፣ የመጀመሪያው ምርመራ ካለቀ ወዲህ ነው የጀመረችው። ሁለተኛው ደም የተቀዳው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ቫይታሚኑን ውጣ።

መደርደሪያ፦

ባዮቲን! በሉ ይህን ለእኔ ተዉልኝ።

እህቴ፣ 10,000 ማይክሮግራም ማለት 10 ሚሊግራም ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮግራም ያህል ነው። አንዷ ፍሬ የያዘችው ከሦስት መቶ ቀን በላይ የሚበቃ ነው። ሰውነት ትርፉን በሽንት ስለሚያስወጣው አይመርዝም፤ ችግሩ የሚመጣው ላብራቶሪ ላይ ነው።

ብዙ የሆርሞን መለኪያ ማሽኖች ባዮቲንን እንደ ማጣበቂያ ይጠቀሙበታል። ሆርሞኑን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል ባዮቲን ተለጥፎበታል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ስትሬፕታቪዲን የሚባል ፕሮቲን የተቀባ ጥቃቅን ቅንጣት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጥብቅ ብለው ይያያዛሉ፣ ያልተያያዘው ታጥቦ ይሄዳል፤ ማሽኑ ተያይዞ ከቀረው የሚወጣውን ብርሃን ይለካል። ደሙ ውስጥ ከክኒን የመጣ ባዮቲን ከሞላ ግን ቀድሞ መቀመጫውን ይይዘዋል፣ የማሽኑ ባዮቲን የሚቀመጥበት ያጣል፣ የያዘውን ሆርሞን ይዞ ይታጠባል።

ቀጥሎ ያለውን አስተውዪ። የቲኤስኤች መለኪያ የሚሠራው "ብርሃኑ በበዛ ቁጥር ሆርሞኑ በዝቷል" በሚል ስሌት ነው። ስለዚህ ሲታጠብበት ቲኤስኤች ያለአግባብ ዝቅ ይላል። የፍሪ ቲ4 ስሌት ተገላቢጦሽ ነው፤ ብርሃን ሲቀንስ ሆርሞኑ በዝቷል ብሎ ያነባል። ስለዚህ ፍሪ ቲ4 ያለአግባብ ይወጣል። ቲኤስኤች ታች፣ ፍሪ ቲ4 ላይ፦ ልክ ታይሮይድ የፈጠነበት ሰው ወረቀት። ይባስ ብሎ የግሬቭስ በሽታን (የሰውነት መከላከያ ራሱ ታይሮይዱን የሚያፈጥንበትን) ለማረጋገጥ የሚታዘዘው የቲኤስኤች ሪሴፕተር ፀረ እንግዳ አካል ምርመራም በዚያው ዓይነት ማሽን ከተሠራ ያለአግባብ ከፍ ሊል ይችላል። ሦስት ምስክር ተስማምቶ ሦስቱም ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።

ሁሉም ማሽን እንዲህ አይደለም። በዚህ ማጣበቂያ የማይሠሩ አሉ፤ ይሠሩ የነበሩትም አንዳንዶቹ ባዮቲን የሚቋቋም አዲስ ሪኤጀንት (የመለኪያ ኬሚካል) አውጥተዋል። የትኛው ሪኤጀንት እንደገባ ከወረቀቱ ላይ አይታወቅም፣ ስለዚህ ማቆሙ ይቀላል። የተለመደው ምክር ቢያንስ 2 ቀን ነው። ለ10 ሚሊግራም እኔ አንድ ሳምንት እላለሁ፣ የሚጎዳት ነገር የለም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ወይም በቀን 100 እና 300 ሚሊግራም የሚወስድ ከዚህም በላይ ያስፈልገዋል።

በነገራችን ላይ ይህ ለታይሮይድ ብቻ አይደለም። የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው ትሮፖኒንም በዚሁ ሰበብ ያለአግባብ ዝቅ ሊል ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። "ቫይታሚን ነው፣ መድኃኒት አይደለም" እየተባለ ሳይነገር የሚቀረው ነገር ይኸው ነው።

ውስጥ ደዌ፦

መደርደሪያ ስለ ሁለተኛው ወረቀት ያለው ልክ ነው። ወረቀቱ ራሱም ጥርጣሬ ይሰጣል። በፍሪ ቲ4 እና በቲኤስኤች መካከል ያለው ግንኙነት እኩል በእኩል አይደለም፤ ፍሪ ቲ4 ጥቂት ሲጨምር ቲኤስኤች በብዙ እጥፍ ይወድቃል። ፍሪ ቲ4 በእውነት ጣሪያውን ጥሶ ቢሆን ቲኤስኤች 0.31 ላይ አይቆምም ነበር፣ ብዙ ጊዜ ከ0.05 በታች ይገኛል። በዚያ ላይ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እያረፉ ከ90 በላይ የሚመታ ልብ፣ እየበሉ መክሳት አልተጠቀሰም። ወረቀቱና ሰውየው ካልተስማሙ ወረቀቱ ይደገማል።

የመጀመሪያውም ወረቀት ግን ንጹሕ አይደለም። ሰው በጽኑ ሲታመም ሰውነት የታይሮይዱን ሥርዓት ሆን ብሎ ያቀዘቅዘዋል፤ ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን ቲ3 ይወርዳል፣ ቲኤስኤችም ሊወርድ ይችላል። ሲያገግም ደግሞ ቲኤስኤች ከመጠኑ አልፎ ይነሳል፣ ለጥቂት ሳምንታት እስከ 20 ሊደርስ ይችላል፣ ከዚያ ራሱ ይመለሳል። ከሳንባ ምች በወጡ በ12ኛው ቀን 6.3 ማግኘት የሚጠበቅ ነው። ለዚህ ነው አጣዳፊ ጥርጣሬ ከሌለ የታይሮይድ ምርመራ ከከባድ ሕመም በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቢቆይ የሚሻለው።

ስለዚህ "የትኛው ይታመን" ላልሽው፣ ሁለቱም አይታመኑም። በሁለቱም ላይ ተመሥርቶ ክኒን አይጀመርም፤ በተለይ ፕሮፒልታዮዩራሲል። ይህ መድኃኒት ጉበት ሊጎዳ፣ አልፎ አልፎም ነጭ የደም ሕዋስን ሊያጠፋ ይችላል። የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲሰማው ክኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን የደም ቆጠራ ማሠራት አለበት። የላብራቶሪ ስህተትን በዚህ ማከም አይገባም። ሐሳቡን ያቀረቡት ሐኪም ስለ ባዮቲኑ አልተነገራቸው ይሆናል፤ ጠርሙሱን ይዛ ሄዳ ታሳያቸው።

አሁን ከሆስፒታል ከወጣች ሰባት ሳምንት ሊሞላት ነው። ባዮቲኑን ዛሬ ታቁም። በሳምንቱ ጠዋት ቲኤስኤችና ፍሪ ቲ4 ብቻ ይሠራላት። ቲኤስኤች ልክ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ የፀጉሩ መነቃቀልም ከከባድ ትኩሳት በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ የሚመጣ የታወቀ ነገር ስለሆነ የአይረን ክምችቷን፣ ፌሪቲንን፣ ማየት ይበልጥ ይጠቅማል። ቲኤስኤች ከ4 እስከ 10 ሆኖ ፍሪ ቲ4 ልክ ከሆነ ከሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ ይደገማል፣ ያኔ የሰውነት መከላከያ ታይሮይዱን እያጠቃ መሆኑን የሚጠቁመው የቲፒኦ ፀረ እንግዳ አካል አንድ ጊዜ ይታያል። ይህ ምርመራ አንዴ ፖዘቲቭ ከሆነ መደጋገሙ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቁጥሩ ከ300 ወደ 500 ቢወጣ ሕክምናው አይለወጥም። ቲኤስኤች ከ10 በላይ ሆኖ ከተደጋገመ ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን) የሚጀመርበት ምክንያት አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእሷ ሳይሆን ለሚያነቡ ሌሎች። ቲኤስኤች ብቻውን የሚያታልልበት ቦታ አለ። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ከዚያ ወተት ያልመጣላት፣ የወር አበባዋም ያልተመለሰ ሴት አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢዋ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ቲኤስኤች የሚመረተው እዚያው ነውና "ኖርማል" ተብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ፍሪ ቲ4 ግን ወድቋል። እንዲህ ያለች ሴት ከሌቮታይሮክሲን በፊት የጠዋት ኮርቲሶሏ (የአድሬናል ዕጢ ሆርሞን) መታየት አለበት። ኮርቲሶሉ የወረደ ሆኖ ሳለ ታይሮይዱን ብቻ ማነሣሣት ሕይወት የሚያሰጋ ቀውስ ያስከትላል።

እማማ ዘርፌ፦

እግዜር ይስጥልን ልጆቼ። በጾም የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። ሌቮታይሮክሲን ከቁርስ በፊት ተብሏል። በጾም ጊዜ እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀመስም፣ ውኃም። ክኒኑን ስንት ሰዓት ላድርገው? ደም በምሰጥበት ቀንስ ውጬ ልሂድ?

መደርደሪያ፦

እማማ፣ ማታ ያድርጉት። ራት ከተበላ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሲተኙ፣ በንጹሕ ውኃ። ሌሊት መውሰድ ከጠዋቱ የሚያንስ አይደለም። በረመዳን የሚጾሙም እንዲሁ ሲተኙ፣ ወይም ከሱሑር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብለው ሊወስዱት ይችላሉ። ዋናው ነገር ሆዱ ባዶ መሆኑና ሰዓቱ በየቀኑ አለመለዋወጡ ነው።

ቡና ከክኒኑ ጋር አይሄድም፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ። አይረንና ካልሲየም የሚወስዱ ከሆነ 4 ሰዓት ይራራቁ። "መጠኑ አልሠራም" ተብሎ ከ50 ወደ 75፣ ከ75 ወደ 100 ማይክሮግራም እየተጨመረ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ክኒኑ ከአይረን ጋር በአንድ ጉርሻ እየተዋጠ ስለሆነ ነው።

ደም በሚሰጡበት ቀን ጠዋት የሚወስዱ ሰዎች መጀመሪያ ደሙን ይስጡ፣ ከዚያ ክኒኑን ይዋጡ። ተውጦ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተቀዳ ፍሪ ቲ4 ከእውነተኛው በላይ ይታያል። እርስዎ ማታ ከወሰዱ ጠዋት እንዳሉ ይሂዱ። መጠን ከተቀየረ ወይም የፋብሪካው ስም ከተቀየረ ደግሞ ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆይ። ቲ4 በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሰባት ቀን ያህል ስለሚፈጅበት በሁለተኛው ሳምንት የሚታየው ቁጥር የድሮውም የአዲሱም አይደለም።

ውስጥ ደዌ፦

መጠን የሚቀየርበትን ጊዜ ሳይጠብቁ መመርመር ያለባቸው እርጉዞች ናቸው። ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ ሴት መፀነሷን እንዳወቀች ሐኪሟን ታነጋግር፤ የተለመደው አሠራር በሳምንት ሁለት ተጨማሪ ፍሬ፣ ማለት 9 በ7 ፋንታ፣ ከዚያም እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ ቲኤስኤች ነው። በተቃራኒው ጤነኛ ነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቲኤስኤችዋ ትንሽ ቢወርድ የእርግዝናው ሆርሞን ታይሮይዱን ስለሚያነቃቃው ነው፣ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም።

ሻርጃ ነዋሪ፦

እዚህ ቤት ድረስ መጥተው ደም የሚቀዱ አሉ፣ "የሴቶች ሙሉ ሆርሞን" በአንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ዓይነት። ዋጋው ከተናጠሉ ይረክሳል። ታዲያ ለምን አይጠቅምም ትላላችሁ? የእርግዝና መከላከያ ክኒን የሚወስዱስ?

ቀይ ክዳን፦

ቃል የገባሁበት ፓኬጅ መጣ። ችግሩ ዋጋው አይደለም። ኤፍኤስኤች (እንቁላል የሚያሳድገው ሆርሞን) የሚለካው የወር አበባ በመጣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ነው። ፕሮጄስትሮን (እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚበዛው ሆርሞን) የሚለካው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 7 ቀን ሲቀረው ነው፤ ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ በ21ኛው፣ 35 ለሆነ በ28ኛው። ሁለቱን በአንድ መርፌ ከቀዳሽ ከሁለቱ አንዱ የግድ በተሳሳተ ቀን ነው የወጣው። በ3ኛው ቀን ተቀድቶ "ፕሮጄስትሮን ዝቅተኛ" የሚል ቀይ ምልክት ይዞ የሚመጣ ወረቀት ምንም አይናገርም፣ በዚያ ቀን የማንም ዝቅተኛ ነው። በትክክለኛው ቀን ከ3 ናኖግራም በሚሊሊትር በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል ማለት ነው። የእንቁላል ክምችትን የሚያሳየው ኤኤምኤች ግን በየትኛውም ቀን ይቀዳል።

ፕሮላክቲን (ወተት የሚያመርተው ሆርሞን) ደግሞ እንደተነሱ አይቀዳም፤ ከእንቅልፍ ከነቁ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይለፍ፣ ትንሽ ቁጭ ተብሎ ይረፍ። መርፌ የምትፈራ ሴት ከፍርሃቱ ብቻ ከፍ ሊልባት ይችላል። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሪስፔሪዶንና ሃሎፔሪዶል ከመጠን በላይ ያወጡታል። የቀዘቀዘ ታይሮይድም ያወጣዋል፣ ስለዚህ ፕሮላክቲን ከፍ ሲል የጭንቅላት ምስል ከመነሳቱ በፊት እርግዝናና ቲኤስኤች ይታያል።

የመከላከያ ክኒን ላይ ያለች ሴት የመራቢያ ሆርሞኖቹን ኤፍኤስኤች፣ ኤልኤች፣ ኢስትራዲዮል ብትለካ የምታነበው ክኒኑን ነው። ክኒኑ ተሸካሚ ፕሮቲኖችን ስለሚያበዛ ጠቅላላ ቲ4 እና ጠቅላላ ኮርቲሶልም ያለአግባብ ከፍ ይላሉ። ፍሪ ቲ4 የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ለወንዶች ቴስቶስትሮን ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት፤ አንድ ዝቅተኛ ውጤት ብቻውን አይበቃም።

አንድ የእኛ አገር ጣጣ ላንሣ። ኮርቲሶል ጠዋት ከፍተኛ ነው፣ ከሰዓት በኋላ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ትእዛዙ ላይ "8፡00" ተብሎ በፈረንጅ ሰዓት ይጻፍና ታማሚው ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ከምሳ በኋላ ይመጣል። ውጤቱ ዝቅተኛ ይሆናል፣ "አድሬናል ደክሟል" ይባላል። ትእዛዙ ላይ "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ብላችሁ አጽፉ።

መደርደሪያ፦

ኮርቲሶል ከተነሣ፣ "የሚያወፍር" ተብሎ የሚሸጠው ክኒንና ፊት የሚያቀላው ቅባትም ይነገር። በብዙዎቹ ውስጥ ኮርቲሶልን የሚመስሉት ዴክሳሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል አሉ። በወራት ውስጥ የራስን ኮርቲሶል ያጠፋሉ፣ ጠዋት ቢለካ ከ3 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም፤ በሐኪም ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። ለላብራቶሪም ለሐኪምም ሳይደበቅ ይነገር።

ብርቱካን12፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ባዮቲኑ ቆሟል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ እስከዚያ አዮዲን ያለበትን ጨው ታቁም የሚል አለ። እውነት ነው? ትእዛዙ ላይስ ምን ይጻፍ?

ውስጥ ደዌ፦

ጨውዋን አትንኩባት። ምግብ ውስጥ ያለው መጠን ውጤቱን አያበላሽም፤ አዮዲን የሚያበላሸው ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያና አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ መድኃኒት ላይ ሲሆን ነው። ጨውን በተዘጋ ዕቃ፣ ከእሳትና ከእርጥበት ራቅ አድርጋ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ትጨምረው።

ቀይ ክዳን፦

ትእዛዙ ላይ፦ "ቲኤስኤችና ፍሪ ቲ4፤ ባዮቲን ያቆመችበት ቀን ይህ፤ ከሆስፒታል የወጣችበት ቀን ይህ።" ለቀጂዋም በቃል ትንገራት። ቱቦው ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን ነው፣ ደሙ ሳይረጋ ወደ ማሽን እንዳይገባ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ውጤቱ ሲመጣ ከኖርማል ሬንጁና ከመለኪያው ጋር እዚህ ለጥፊው።